መስፈርቱን የሚያሟሉት ስንት ናቸው?

ስታቲስቲክስ የሚለው ቃል ሲነሣ፣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው በግሪክ ፊደላት የተሞላ ቀመርንና ለተራው አእምሮ የሚከብድ ስሌትን ነው። በሙያው ውስጥ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ግን የዕለት ሥራው አብዛኛው ክፍል ከዚህ እጅግ የቀለለ መሆኑን ያውቃል። አንድ ረጅም ዝርዝር ይቀርብለታል፤ «ከእነዚህ መካከል እንዲህ የሆኑት ስንት ናቸው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቆጥሮም አንድ ቁጥር ይመልሳል። ዝርዝሩ የሰዎች ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የከተማ ስም ወይም የቡና ፍሬ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ያው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ተራ የሚመስል ተግባር ታሪክ መተረክ፣ እግረ መንገዱንም የሚመለሰው ቁጥር በጠያቂው ልብ ያለውን ሐሳብ ሳይሆን የተጻፈውን መስፈርት ብቻ የሚከተል መሆኑን ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ካለው ከጌዴኦ ምድር ነው። ይህ ምድር በቡናው፣ በሕዝቡ ጥግግት፣ በስሞቹ መለዋወጥና በቅርቡ በደረሰበት መከራ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ምስክር ሳይጎድለው የኖረ ነው።

ነገሩን ከቡናው እንጀምር። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ያልተቆላ ቡና ደረጃ ሲወጣለት 300 ግራም የሚመዝን ናሙና ይወሰዳል። መርማሪው ናሙናውን በትሪ ላይ አፍስሶ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና የሻገተውን እየለቀመ ወደ ዳር ያወጣል፤ ያወጣውንም ይቆጥራል። በሰፊው በሚታወቀው የቆየ አሠራር ጉድለት ያለባቸው ፍሬዎች ከ3 ያልበለጡበት ናሙና አንደኛ ደረጃ፣ ከ4 እስከ 12 የሆኑበት ሁለተኛ፣ ከ13 እስከ 25 የሆኑበት ደግሞ ሦስተኛ ይባል ነበር። ከጊዜ በኋላ የጣዕም ምርመራ ነጥብ ተጨምሮበት አሠራሩ ቢለወጥም፣ ትሪውና ለቀማው አልቀሩም። በ3 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፍሬ ናት፤ ይህችው ፍሬ ግን የአንድን ጭነት ስምና ዋጋ ትለውጣለች። ታዲያ ጫፏ ብቻ የተሸረፈች ፍሬ «ተሰብራለች» ትባላለችን? መርማሪው በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ከዚያ በኋላ በማናቸውም ሒሳብ አይታረምም። መቁጠሩ ለሕፃን ልጅም አይከብድም፤ የሚከብደው ከመቁጠር በፊት ያለው ነው።

«አዎን» እና «አይደለም» ወደ ቁጥርነት የተለወጡበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። የጫማ ሠሪ ልጅ የነበረውና አብዛኛውን ትምህርቱን በራሱ ጥረት ያገኘው እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ስለ አስተሳሰብ ሕግጋት ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ልጅ ፍርድ በ1 እና በ0 ሊገለጽ እንደሚችል አሳየ። እውነት የሆነው 1፣ ሐሰት የሆነው 0 ይሁን አለ። ይህ ለፈላስፎች የተጻፈ ነገር ነበር፤ ለቆጠራ ሠራተኛ ያለው ትርጉም ግን ወዲያው የሚታይ ነው። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ለእያንዳንዱ አባል «መስፈርቱን ያሟላልን?» ብለን ጠይቀን መልሱን በ1 እና በ0 ከጻፍን፣ የሚያሟሉት ብዛት ማለት የእነዚያ ቁጥሮች ድምር ማለት ነው። መቁጠር መደመር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገርለት መሣሪያ ሁሉ፣ ከናስና ከሜርኩሪ የተሠራውም ሆነ ከፊደል የተሠራው፣ በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

የናሱና የሜርኩሪው መሣሪያ የኸርማን ሆለሪዝ ነው። ሆለሪዝ እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ሥራ ላይ ተሳትፎ፣ መዝገቡን በእጅ ለመለየትና ለመደመር ዓመታት ሲፈጁ አይቷል። መላ ፈልጎም እ.ኤ.አ. በ1889 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የተመዘገበበት ቆጠራ በመሣሪያው ተሰላ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ ወንድ ከሆነ አንድ ቦታ፣ ሴት ከሆነች ሌላ ቦታ ይበሳል፤ ዕድሜውም፣ የትውልድ አገሩም፣ ሥራውም እንዲሁ። ካርዱ በመሣሪያው ሥር ሲገባ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ይወርዱበታል። ቀዳዳ ባለበት ዘንጉ አልፎ ከሥር ባለው የሜርኩሪ ስኒ ውስጥ ይጠልቃል፤ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ይገጥማል፤ በፊት ለፊቱ ከተደረደሩት 40 ሰዓት መሰል ቆጣሪዎች የሚመለከተው አንድ እርምጃ ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳ ከሌለ ቆጣሪው ባለበት ይቆያል። የቡል 1 እና 0 በዚህ ሁኔታ ቀዳዳና ድፍን ወረቀት ሆኑ።

በዚህ መሣሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ሆለሪዝ መሥመሮቹን በማቀናጀት ሁለት ወይም ሦስት መስፈርት በአንድ ላይ የሚያሟሉትን ብቻ የሚቆጥር መንገድ አበጅቶ ነበር። «ወንድም የሆነ፣ ከ20 ዓመት በላይም የሆነ፣ በአገሩም የተወለደ» ቢባል ቆጣሪው የሚንቀሳቀሰው ሦስቱም ቀዳዳዎች በተገኙበት ካርድ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ «እና» እና «ወይም» የሚሉት ሁለት አጫጭር ቃላት ሽቦ ለብሰው የታዩት በዚያን ጊዜ ነው። የሆለሪዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ በ1924 አይ ቢ ኤም የሚለውን ስም ያዘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቀድሞው መንግሥት ይቆጥር የነበረው በአብዛኛው ገባሩንና ጋሻ መሬቱን እንጂ ሰውን በሰውነቱ አልነበረም፤ መስፈርቱ «ግብር የሚገባ» የሚል ነበረና ግብር የማይገባ ሁሉ ከድምሩ ውጭ ነበር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መላውን አገር ለመሸፈን የታሰበ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ 42 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ይሠራበት ከነበረው ግምት እጅግ የበለጠ በመሆኑ ብዙ እቅድ አውጪዎችን አስደንግጧል። ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተካሄዱ። የአገሪቱ ሕዝብ በሁለተኛው 53,477,265፣ በሦስተኛው 73,750,932 ሆኖ ተገኘ። የጌዴኦ ዞን ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 564,073 የነበረ ሲሆን በ1999ኙ 847,434 ደርሷል።

ከዚሁ ከ1999 ዓ.ም. ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ለይተን እንመልከት፦ ከዞኑ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 107,781 ነው፤ ይህም ከጠቅላላው 12.7 በመቶ ያህል ነው። አንባቢ ይህን ሲያነብ በዓይነ ልቡናው የሚመለከተው የዲላን የገበያ ግርግር ይሆናል። ቁጥሩ የተገኘው ግን በዓይነ ልቡና ሳይሆን በመስፈርት ነው። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አሠራር 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ሰፈራ በጠቅላላው ከተማ ይባላል፤ በቆጠራው ደግሞ የአስተዳደር መቀመጫ የሆነ ሥፍራ፣ ወይም የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ የተቋቋመበት፣ ወይም 1,000 ነዋሪ ኖሮት አብዛኛው ሕዝብ ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበት ሥፍራ ይጨመራል። ልብ በሉ፤ እነዚህ «እና» ሳይሆኑ «ወይም» ናቸው። ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፍስሐ ገነትን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞች ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ «ወይም»ች ነው። አንዱ «ወይም» ወደ «እና» ቢለወጥ፣ በአንድም ቤት ላይ ጡብ ሳይነሣና ሳይጨመር፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከከተሜነት ወደ ባላገርነት ይሻገራል። መብራቱም፣ ውኃውም፣ የትምህርት ቤቱም በጀት በዚያው ይከተላል።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ካርድና ስለ ሠንጠረዥ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ነገሩ በአንድ በኩል ቀለለ፣ በሌላ በኩል ተሸሸገ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ፎርትራን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ «ከአምስት በላይ የሆኑት ስንት ናቸው?» ለማለት የሚፈልግ ሰው እንደ ቆጠራ ሠራተኛው ደረጃ በደረጃ ማዘዝ ነበረበት፦ ቆጣሪው ዜሮ ይሁን፤ የመጀመሪያውን አባል ተመልከት፤ ከአምስት ከበለጠ በቆጣሪው ላይ አንድ ጨምር፤ ወደ ሚቀጥለው እለፍ፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ቆጣሪውን አትም። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኑ ያያል።

ይህን ልማድ የለወጠው ካናዳዊው ኬኔዝ አይቨርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ሙሉ ዝርዝርን እንደ አንድ ነገር አድርጎ የሚይዝ የሒሳብ አጻጻፍ አቀረበ፤ ኋላም ኤ ፒ ኤል የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከዚሁ ተወለደ። በሙያችን ቬክተር የምንለው፣ ማለትም በተራ የተቀመጠ የአንድ ዓይነት መረጃ ዝርዝር፣ በአይቨርሰን አጻጻፍ ከአምስት ጋር ባንድ ጊዜ ይነጻጸራል፤ መልሱም የ1 እና የ0 ቬክተር ሆኖ ይወጣል፤ ያንን መደመር ብቻ ይቀራል። የቡል ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንድ መሥመር ላይ ተጻፈ ማለት ነው። በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ሲሠሩ ይህንኑ ልማድ አስገቡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ደግሞ ከኤስ ተነሥተው አር የተባለውን ሠሩ። አር እ.ኤ.አ. በ1995 ለማንም በነጻ የሚሰጥ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትምም የካቲት 29 ቀን 2000 ወጣ። የፈቃድ ክፍያ ለሚከብደው አገር ይህ ነጻነት ትንሽ ነገር እንዳልነበረ የሙያ ባልደረቦቻችን ያውቁታል።

አሁን አንድ ምሳሌ በእርጋታ እንይ። ስድስት አባወራዎች ስለ ቤተሰባቸው ብዛት ተጠይቀው መልሳቸው 4፣ 7፣ 5፣ ያልታወቀ፣ 3 እና 6 ሆነ እንበል። አራተኛው ቤት ተዘግቶ ተገኝቷል። «ከአምስት ሰው በላይ ያለባቸው ቤቶች ስንት ናቸው?» ብለን አርን እንጠይቅ። መጀመሪያ ማነጻጸሩን ያደርጋል፤ መልሱም ሐሰት፣ እውነት፣ ሐሰት፣ ያልታወቀ፣ ሐሰት፣ እውነት ነው። ይህን ደምር ብንለው «ያልታወቀ» ብሎ ይመልሳል፤ ትክክልም ነው፣ የተዘጋው ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አያውቅምና። ያልታወቀውን ተወው ብንለው 2 ይላል። መስፈርቱን የሚያሟሉትን ለይተህ አውጣና የወጣውን ዝርዝር ርዝመት ንገረኝ ብንለው ግን 3 ይላል፤ ያልታወቀውን ቤት እንደ አንድ አባል ይዞት ወጥቷልና። የሚያሟሉትን ተራ ቁጥር አውጣና ያንን ቁጠር ብንለው እንደገና 2 ይሆናል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ዝርዝር፣ ሦስት መልስ! ሦስቱም በማሽኑ በኩል ስሕተት የለባቸውም። ድርሻው በመቶኛ ሲጠየቅ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፦ ሁለቱን ለአምስት ብናካፍል 40 በመቶ፣ ለስድስት ብናካፍል 33 በመቶ ነው።

ሌሎቹ ቋንቋዎች ደግሞ የየራሳቸውን ውሳኔ ወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ስታታ ያልታወቀውን ከማናቸውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ «ከአምስት በላይ» ለሚለው ጥያቄ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 3 ይመልሳል። የዕድሜ ታላቁ ሳስ ደግሞ በተቃራኒው ያልታወቀውን ከሁሉ ያነሰ ያደርገዋል፤ እዚያ የሚያስተው «ከአምስት በታች» የሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የሚመረጠው የአር የመጀመሪያ መልስ ነው፤ ሥራውን አቁሞ «አላውቅም» የሚለው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን መልስ እንደ እንቅፋት ቆጥረው በአንዲት ቃል ያስወግዱታል፤ የተዘጋውም ቤት አብሮ ይወገዳል። በ1976ቱ ቆጠራ በጸጥታ ችግር ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ሰፋፊ ቦታዎች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች እነዚያን ቦታዎች ዜሮ አላደረጓቸውም፤ ከዝርዝሩም አልፋቋቸውም፤ በግምት ሞልተው ግምት መሆኑን ገልጸዋል።

ከቁጥር ወደ ስም ስንሻገር ጉዳዩ የራሳችን ብቻ የሆነ መልክ ይይዛል። ቁጥርን ከቁጥር ማነጻጸር በየትኛውም አገር አንድ ነው። ስምን ከስም ማነጻጸር ግን የፊደል ጉዳይ ነው፤ በፊደል ነገር ደግሞ እኛ ሀብታሞች ነን። የፍስሐ ገነትን ስም ውሰዱ። ደስታ የሚለው ቃል በግዕዝ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ እና በሐመሩ ሐ ሆኖ «ፍሥሓ» ነው። በአማርኛ አነጋገር ሁለቱ ሰ አንድ ድምፅ፣ ሦስቱ ሀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ፣ ጸሐፊው እንደ ለመደው ይጽፋል። መካከለኛው ፊደል ስ ወይም ሥ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ነው። ሁለቱ ቃላት ተገጥመው፣ በባዶ ቦታ ተለያይተው ወይም በጥንቱ ሁለት ነጥብ ተከፍለው ሊጻፉ ይችላሉና ሦስት እጥፍ ሲሆን 36 ይደርሳል። አንባቢ ሁሉንም አንድ ከተማ አድርጎ ያነባቸዋል። ኮምፒውተሩ ግን 36 ከተማ ያያል።

የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መለያ ይሰጡ ስለነበር፣ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው መክፈት ራሱ ጭንቅ ነበር። በዩኒኮድ ሀ መለያው 1200፣ ሃ 1203፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ነው። ማሽኑ «ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነውን?» ሲባል የሚያነጻጽረው እነዚህን ቁጥሮች እንጂ ድምፁን አይደለም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ ማንሣት አልሻም። በግዕዝም በትግርኛም የተለያየ ዋጋ ያላቸው ፊደላት ስላሉባቸው፣ ዩኒኮድ ለየብቻ ማስቀመጡ ግን ተገቢ ነው። የሙያችን ስም ራሱ ከዚህ አላመለጠም፤ ቀደምት ጸሐፊዎች «ቈጠራ» ሲሉ የኋለኞቹ «ቆጠራ» ይላሉ፤ ሁለቱን ለማሽን ብትሰጡት አንድ አይደሉም ይላችኋል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ለማስረዳት ያህል የ12 ተማሪዎች የትውልድ ቦታ የተጻፈበት ዝርዝር በሐሳባችን እናዘጋጅ። በአምስቱ ላይ «ፍስሐ ገነት»፣ በሦስቱ ላይ «ፍስሃ ገነት»፣ በሁለቱ ላይ «ፍሥሐ ገነት»፣ በአንዱ ላይ «ፍስሐገነት»፣ በአንዱ ደግሞ «ይርጋ ጨፌ» ተጽፏል። ማሽኑን «ፍስሐ ገነት የሆኑት ስንት ናቸው?» ብንለው 5 ብሎ ይመልሳል። እውነተኛው 11 ነው። «ያልታወቀ» የሚል ቃል የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ቁጥሩም ለማመን የሚያስቸግር አይደለም። ከስሕተት ሁሉ የከፋው ይህ ዓይነቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የጎደለው ነገር መጉደሉን የሚናገር ምንም ምልክት አይተውምና። ቁጥሩ 0 ቢሆን ኖሮ ማንም ይጠራጠር ነበር።

መድኃኒቱ ፊደልን ማጥፋት አይደለም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚያደርጉት፣ ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ ትተው፣ በአጠገቡ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ማዘጋጀት ነው። በዚያ ዓምድ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፤ ባዶ ቦታውም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ይቆጠራል። ከዚህም የተሻለው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በቆጠራ ጊዜ የሚጠቀምበት መንገድ ነው፦ ለክልሉ፣ ለዞኑ፣ ለወረዳውና ለቀበሌው ቁጥር ሰጥቶ ስሙን ለሰው ዓይን፣ ቁጥሩን ለማሽን መተው።

ሆኖም ኮዱም ቢሆን ከታሪክ አያመልጥም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰነዶች ውስጥ የጌዴኦ ሕዝብና አውራጃው የተመዘገቡት «ደራሳ» ተብለው ነው። ከአብዮቱ በኋላ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ጌዴኦ ተመለሰለት። ያው መሬት በመጀመሪያ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ቀጥሎ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ተቀምጧል። እንግዲህ የ50 ዓመት መዛግብትን በአንድ ላይ አድርጎ «ጌዴኦ የሆነውን ቁጠር» የሚል ተመራማሪ፣ በማሽኑ መልስ መሠረት ይህ ሕዝብ በአብዮቱ ማግሥት ድንገት የተፈጠረ ይመስለዋል። ይህን የሚያርመው ቀመር ሳይሆን የአገሩን ታሪክ ማወቅ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉ ይከብዳል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ የጀመረውና በሰኔ ያገረሸው በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። ከእነዚህም ከ700 ሺህ በላይ የሚሆኑት በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ፣ በኮቸሬ፣ በይርጋ ጨፌና በሌሎች ወረዳዎች፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ባላለቀ ሕንፃና በዘመድ ቤት ተጠለሉ። በ1999 ዓ.ም. የዞኑ ጠቅላላ ሕዝብ 847,434 እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ለእርዳታ ዱቄትና ብርድ ልብስ መከፋፈያ የሚሆነው ቁጥር በአስቸኳይ ያስፈልግ ነበር፤ ቆጠራውም ተጀመረ። «ተፈናቃይ» ማን ነው? በመጠለያ ጣቢያ ያለ ብቻ ነውን፣ ወይስ በአጎቱ ቤት የተጠጋም? ወደ ወረዳው የተመለሰ፣ ነገር ግን ቤቱ ተቃጥሎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያደረ፣ «ተመላሽ» ነው ወይስ አሁንም «ተፈናቃይ»? የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 በካምፓላ የተቀበለው ስምምነት መፈናቀልን የሚተረጉመው ሰው ቤቱን ወይም የሚኖርበትን ሥፍራ በግዳጅ በመልቀቁ እንጂ በመጠለያ በመገኘቱ አይደለም። በሜዳ ላይ ያለው ቅጽ ግን አጭር ነው፤ አጭር መስፈርት ይፈልጋል።

በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በሥራ ላይ ከዋሉት ቅጾች መካከል ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የሚጠቀምበት የመፈናቀል መከታተያ ይገኛል። የመጠለያ ቦታዎችን በሚመለከተው ክፍሉ ጠያቂው እያንዳንዱን ቤተሰብ አይቆጥርም፤ ስለ ቦታው የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቆ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መሥመር ይሞላል። ለጥድፊያ ጊዜ ብልህ አሠራር ነው፤ ነቀፋም የለኝም። ነገር ግን በሙያ ዓይን ስንመለከተው የዚያ ቬክተር አባል ሰው ሳይሆን ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተፈናቃዮችን ወደ ቀያቸው የመመለሱ ሥራ ሲፋጠንና በጌዴኦ የነበሩ ጣቢያዎች ሲዘጉ፣ የተዘጋ ጣቢያ ከሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ይወጣል። ከተመለሱት መካከል ወደ ገዛ ቤታቸው መግባት ያልቻሉ፣ በሌላ ሥፍራ ዳግመኛ የተፈናቀሉ እንደነበሩ የዚያን ጊዜ ሪፖርቶች መዝግበዋል፤ እነርሱ ግን በተዘጋው ጣቢያ መሥመር ላይ አይገኙም። በዚያው ዓመት ሊካሄድ ታስቦ የነበረውና እያንዳንዱን ሰው ባለበት በጡባዊ ኮምፒውተር ሊመዘግብ የተዘጋጀው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ከዚህ በላይ እንዳየነው፣ የተዘጋ ቤት በአር ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ «ያልታወቀ» የሚል ቃል ይተዋል፤ ድምሩንም ያስቆመዋል። የተዘጋ ጣቢያ ግን ቃልም አይተውም። መሥመሩ ራሱ ስለሌለ፣ የሚጠየቅ አባል የለም፤ እውነትም፣ ሐሰትም፣ ያልታወቀም የሚባል ነገር የለም። ቬክተሩ ካለፈው ወር ያጠረ ሆኖ ይቀርባል፤ ማሽኑም የቀረለትን ደምሮ በፍጥነት ይመልሳል።